ስለ ተገጣጣሚ ወንዝ የሚባሉ ነገሮች እና እውነታው

በጠረጴዛ ላይ ትንንሽ የወታደር ምስሎችን አሰልፎ የጦርነት ጨዋታ የሚጫወት ሰው ኮረብታና ጫካ ሲመርጥ ብዙም አይጨነቅም። ወንዝ ላይ ሲደርስ ግን ምክሩ ይበዛበታል። አንዱ ሰፊውን ግዛ ይለዋል። ሌላው ላቴክስ (እንደ ጎማ የሚተጣጠፍ) ካልሆነ አትንካው ይለዋል። ሦስተኛው ሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ ፈስሶ የሚጠነክር ፕላስቲክ) ካልፈሰሰበት ወንዝ አይባልም ባይ ነው።

ተገጣጣሚ ወንዝ ቀጥ ያሉ፣ የታጠፉና ሹካ የሚሠሩ ቁራጮች ጫፍ ለጫፍ ተያይዘው ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጉት ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ይፈታል፤ በሚቀጥለው ጊዜ በሌላ መልክ ይዘረጋል። ብዙ ሰው ሲመርጥ ዓይኑ የሚያርፈው ውሃው ላይ ነው፤ ቀለሙ፣ አረፋው፣ ማብረቅረቁ። እኔ ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት መሻገሪያው ነው እላለሁ። ወታደሮቹ የሚያልፉት በየት ነው? ስንት ተራስ ይፈጅባቸዋል? ይህ ከተመለሰ ሌላው ቀላል ነው። እስቲ የሚባሉትን እንያቸው። አንዳንዶቹ ግማሽ እውነት አለባቸው፤ ብዙዎቹ ግን ወንዝ አያሻግሩም።

«የወንዙ ስፋት ከምስሎቹ ልክ ጋር መመጣጠን አለበት»

ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። ስሌቱን ሲሠሩት ግን ጉዱ ይወጣል።

28 ሚሊ ሜትር የሚባሉት ምስሎች ብዙውን ጊዜ ከእውነተኛ ሰው 56 ጊዜ ያህል ያነሱ ናቸው ተብሎ ይታሰባል። በዚህ ልክ 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ እውነተኛ ስፋቱ 8.4 ሜትር ነው። ይህ ጅረት እንጂ ትልቅ ወንዝ አይደለም። አሁን ወደ ትልቁ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1945 የአሜሪካ ጦር ጀርመን ውስጥ ሬማገን ላይ የራይንን ወንዝ የተሻገረበት የሉደንዶርፍ ድልድይ 325 ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው። ለ56 ሲካፈል 5 ሜትር ከ80 ሳንቲ ይመጣል። የተለመደው የጨዋታ ጠረጴዛ ደግሞ 180 በ120 ሳንቲ ሜትር ነው። በጣም ትንንሾቹን፣ 6 ሚሊ ሜትሮቹን ብትጠቀሙ እንኳ ያ ድልድይ ከ1 ሜትር በላይ ይሆናል። ጠረጴዛው በሙሉ ውሃ ሆነ ማለት ነው።

ይህ ግን ጨዋታውን አያበላሸውም። በጠረጴዛ ላይ ርቀት ሁሉ ቀድሞውንም የተጨመቀ ነው። በብዙ የጨዋታ ሕጎች ጠብመንጃ የሚመታው እስከ 24 ኢንች ነው፤ 61 ሳንቲ ሜትር ገደማ። በምስሎቹ ልክ ብናሰላው ጥይቱ 34 ሜትር ሄዶ ይወድቃል። በጠብመንጃው ያልተጣላ ሰው በወንዙ ሊጣላ አይገባም።

ታዲያ ስፋቱ በምን ይለካ? በሁለት ነገር። አንደኛው የምስሉ መቆሚያ ነው። ወንዙ ከመቆሚያው ከጠበበ ወታደሩ አንድ እግሩ ወዲህ አንዱ ወዲያ ይሆንና «ውሃ ውስጥ ነው፣ አይደለም» የሚል ክርክር ይነሳል። ይህ ክርክር በቀላሉ አያልቅም። ሁለተኛው የእርምጃ ልክ ነው። በብዙ ጨዋታዎች እግረኛ በአንድ ተራ 6 ኢንች፣ ማለትም 15 ሳንቲ ያህል ይሄዳል፤ ውሃ ውስጥ ግማሹን። ስለዚህ 15 ሳንቲ የሆነ ወንዝ ሁለት ሙሉ ተራ ይበላል። ጨዋታው 5 ወይም 6 ዙር ብቻ ከሆነ ሲሶው በመዋኘት አለቀ። ወደ 7 እና 8 ሳንቲ ሲጠብ አንድ ተራ ብቻ ይወስዳል፤ ያ ያማል እንጂ አይገድልም። ለ28 ሚሊ ሜትር ምስሎች የእኔ ምርጫ ከ7 እስከ 10 ሳንቲ ያለው ነው። ከዚያ የሰፋውን የምወስደው በድልድይ ወይም በጀልባ ብቻ የሚታለፍ እንዲሆን ስፈልግ ነው።

«ዋናው ርዝመቱ ነው»

ሻጮች ጠቅላላ ርዝመትን በትልቁ ይጽፋሉ። በ180 በ120 ጠረጴዛ ላይ በአጭሩ ጎን ለመቁረጥ 120 ሳንቲ፣ በረጅሙ ጎን 180፣ ከጥግ እስከ ጥግ 216 ያህል ያስፈልጋል። ይህ ግን ወንዙ እንደ ቱቦ ቀጥ ካለ ነው። የስብስቡ ዋጋ የሚታወቀው በኩርባዎቹ ነው።

እዚህ ላይ ተፈጥሮን ማየት ይጠቅማል። ሜዳ ላይ የሚጠማዘዙ ወንዞች አንድ ሙሉ ጥምዝ፣ ማለትም አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ ሄደው እስኪመለሱ፣ አብዛኛውን ጊዜ የስፋታቸውን ከ10 እስከ 14 እጥፍ ርቀት ይፈጅባቸዋል። የኩርባው ራዲየስም ብዙ ጊዜ የስፋቱ 2 ወይም 3 እጥፍ ነው። ወደ ጠረጴዛ ስናመጣው፣ 10 ሳንቲ ስፋት ያለው ወንዝ ራዲየሱ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ የሆነ ዘና ያለ ኩርባ ይፈልጋል። አንድ ሙሉ ጥምዙም ከ1 ሜትር እስከ 1 ሜትር ከ40 ይሄዳል። በሌላ አነጋገር ሙሉ ጠረጴዛው የሚችለው አንድ ጥምዝ ያህል ነው። በጠባብ ቦታ ቀጥ ብለው የሚታጠፉ ባለ 90 ዲግሪ ቁራጮች የውሃ ቦይ የሚመስሉት ለዚህ ነው። ባለ 45 ዲግሪዎቹ ይሻላሉ። ራዲየሳቸው 30 ሳንቲ የሆኑ ሁለት ባለ 45 ዲግሪ ቁራጮችን በተቃራኒ አቅጣጫ ብታያይዙ ወንዙ 18 ሳንቲ ያህል ወደ ጎን ይሸሻል። ዓይን ወንዝ ነው ብሎ ለመቀበል ይህ ይበቃዋል።

አጫጭር ቀጥ ያሉ ቁራጮችንም አትናቁ። ሲያዩዋቸው ትርፍ ይመስላሉ፤ ወንዙን ልክ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የሚያስቆሙት ግን እነሱ ናቸው። እነሱ ከሌሉ የመጨረሻው ቁራጭ ከጠረጴዛው ወጥቶ ይንጠለጠላል፤ የሆነ ሰው በክርኑ መምታቱም አይቀርም።

«ተገጣጣሚ ከተባለ ከሌላውም ጋር ይገጥማል»

አይገጥምም። አምራቾች የተስማሙበት አንድ ወጥ ልክ የለም። የውሃው ስፋት፣ የዳርቻው ስፋትና የዳርቻው ከፍታ ሦስቱም መመሳሰል አለባቸው፤ ቀለሙ ሳይቆጠር ማለት ነው። የሚያስፈልጋችሁን ከአንድ ቦታ በአንዴ መውሰድ ይሻላል።

ራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ ግን አንድ ጥሩ ዘዴ አለ። ጫፎቹ ውስጥ ማግኔት ቅበሩ፤ በእያንዳንዱ ጫፍ ሁለት ሁለት። ጫፉን ፊት ለፊት ስታዩት በግራ ያለው ማግኔት ሰሜን ዋልታውን፣ በቀኝ ያለው ደቡብ ዋልታውን ወደ ውጭ ያሳይ። ሁለት ጫፎች ሲገጣጠሙ የአንዱ ግራ ከሌላው ቀኝ ጋር ስለሚገናኝ ሁልጊዜ ይሳሳባሉ። ማንኛውም ጫፍ ከማንኛውም ጋር ይያያዛል። አንዷን ማግኔት ከገለበጣችሁ ግን ያቺ ቁራጭ ዕድሜ ልኳን ጎረቤቷን ስትገፋ ትኖራለች፤ ሙጫው ሳይደርቅ ፈትሹ።

«ላቴክስ ከሁሉም ይሻላል»

ለአንዳንዱ ሰው፣ አዎ። ላቴክስ ቀላል ነው፣ ቢወድቅ አይሰበርም፣ ትንሽ ወጣ ገባ ያለ ምንጣፍ ላይም ተኝቶ ይቀመጣል። ነገር ግን ፀሐይና ሙቀት ያስረጁታል፤ ይደርቅና ይሰነጠቃል ወይም ይጣበቃል። ለረጅም ጊዜ ተጠቅልሎ ከተቀመጠም ጫፉ ወደ ላይ እንደተጠቀለለ ይቀራል። ደግሞ ተጣጣፊ ስለሆነ ብቻ ኮረብታ ላይ የሚያወጡት አሉ። ውሃ ዳገት አይወጣም!

ሬዚን ዝርዝሩ ያማረ ነው፤ ግን ይከብዳል፣ ጥጉም ይፈረፈራል። ተጣሞ ከመጣ ሙቅ ውሃ ውስጥ አለስልሶ፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ተጭኖ እስኪቀዘቅዝ መያዝ ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል። 3 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ተጨምቆ የተሠራ የእንጨት ሰሌዳ) ርካሽና ጠንካራ ነው። ችግሩ በአንድ በኩል ብቻ ውሃ ያለው ሙጫ ከቀባችሁት ይቆለመማል፤ ጀርባውንም ቀቡት። በስሪዲ ፕሪንተር የሚታተመው ፒኤልኤ የተባለ ፕላስቲክ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይለሰልሳል፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት። የህትመቱ መስመሮችም የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ ሲነካቸው ፈጠው ይወጣሉ፤ አስቀድሞ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ግድ ነው። ኒዮፕሪን (ለስላሳ የጎማ ምንጣፍ) ደግሞ ዳርቻ የለውም፣ የውሃው ሥዕል ታትሞበት ጠፍጣፋ ነው። ለዓይን ያንሳል፤ ግን ምንም ምስል አያንገዳግድም። ጨዋታውን ተሸክሞ ለሚዞር ሰው እኔ ኒዮፕሪንን ነው የምመክረው።

ከምንም የተሠሩ ይሁኑ፣ የሚያብለጨልጩ ቁራጮችን ፊት ለፊት አትደራርቡ። ይጣበቃሉ። በመካከላቸው የመጋገሪያ ወረቀት ይግባ።

«ውሃ ሰማያዊ ነው፤ ሬዚንም ካልፈሰሰበት አያምርም»

የውሃ ቀለም ከሰማዩ፣ ከወንዙ ወለልና ከተሸከመው ደለል ይመጣል። ደለል የያዘ ወንዝ ቡናማ ነው። ጠረጴዛ ላይ ደማቅ ሰማያዊ ከተቀባ የካርታ መስመር ይመስላል። ቡናማና አረንጓዴ ቀላቅላችሁ ጀምሩ፤ ጥልቁን አጥቁሩ፣ ወደ ዳር ስትሄዱ አፍኩ። ኩርባ ላይ ጥልቁ መሃል አይደለም። ውሃው የውጭውን ዳር እየቦረቦረ ያጠልቀዋል፤ የውስጠኛው ዳር ላይ ደግሞ አሸዋና ጠጠር ይጥላል። ይህን ብቻ በቀለም ካሳያችሁ ወንዙ ነፍስ ይዘራል። ከላይ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ ይበቃል።

ሬዚን ማፍሰስ ቋሚ ለሆነ ማሳያ ጥሩ ነው። ተገጣጣሚ ቁራጭ ግን ሁለት ክፍት ጫፍ አለው፤ ካልገደቡት ይፈሳል፤ ከገደቡት ደግሞ ግድቡ ላይ ትንሽ ይወጣና መጋጠሚያው ላይ ጉብታ ይተዋል። ሁለት ነገሮችን ቀላቅለው የሚሠሩት ኤፖክሲ የተባለ ሬዚን ሲጠነክር ይሞቃል፤ በአንዴ ወፍራም አድርጋችሁ ካፈሰሳችሁት ሊሰነጠቅ ይችላል። ያልደረቀው ቆዳን ያስቆጣል፣ አለርጂም ሊያስከትል ይችላል፤ ጓንት ይደረግ፣ መስኮት ይከፈት።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ከድንጋይ ኋላ ነጭ አረፋ ከሳላችሁ ያ ቁራጭ አቅጣጫ አለው። ገልብጣችሁ ብታያይዙት ውሃው ወደ ኋላ ይፈሳል። ሹካ የሚሠራው ቁራጭም እንዲሁ ነው፤ ገባሩ ከዋናው ጋር የሚገናኘው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፍሰቱ አቅጣጫ ባዘነበለ ማዕዘን ነው። ተገልብጦ ከተቀመጠ ወንዙ ያለ ምክንያት ለሁለት ይከፈላል።

«ወንዙ ከጠረጴዛው በታች ካልሆነ አያምርም»

ያምራል፣ አልክድም። ግን ለዚያ ጠረጴዛው በሙሉ በወፍራም የፎም ሰሌዳ ተሸፍኖ መቦርቦር አለበት፤ ማከማቻውም ሌላ ጣጣ ነው። ከላይ የሚቀመጥ ወንዝ ዳርቻው ቀስ ብሎ የሚያዘቀዝቅ ከሆነ ዓይን ይለምደዋል።

«ወንዝ ለውበት ነው»

እ.ኤ.አ. መስከረም 17 ቀን 1862 በአሜሪካ የእርስ በእርስ ጦርነት አንቲታም ላይ የሆነውን እንይ። በጄኔራል በርንሳይድ የሚመራ የሰሜኑ ወገን ኮር 38 ሜትር ርዝመትና ከ4 ሜትር ያነሰ ስፋት ያለውን የድንጋይ ድልድይ ለመሻገር ሰዓታት ፈጀበት። በማዶ ያለውን ከፍታ ይዘው የሚተኩሱት ወደ 500 የሚጠጉ የደቡቡ ወገን የጆርጂያ ወታደሮች ነበሩ። በመጨረሻ ድልድዩ ተያዘ፤ ሌላ ክፍል ደግሞ ወደ ታች ወርዶ በመልካ ተሻገረ። ውሃው ራሱ ግዙፍ አልነበረም።

ጨዋታም ላይ እንዲሁ ነው። ድልድይ አንድ ብቻ ሲሆን ሁለቱም ወገን እዚያው ይከመርና ጨዋታው ይሞታል። ቢያንስ ሁለት መሻገሪያ ይኑር፤ አንድ ድልድይና ከእሱ ራቅ ያለ አንድ መልካ። ያኔ አጥቂው መምረጥ አለበት፣ ተከላካዩም ኃይሉን መክፈል አለበት። ስለዚህ ስብስቡ ውስጥ የመልካ ቁራጭ ከሌለ ለብቻው ፈልጉት። የቀረው ውሃ ይታለፋል ወይስ አይታለፍም የሚለው የመጀመሪያው ወታደር ከመንቀሳቀሱ በፊት ይወሰን።

«ድልድዩ በኋላ ይገዛል»

ብዙ ሰው ወንዙን ገዝቶ ድልድይ ፍለጋ ይወጣና የሚበቃው ያጣል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። ድልድዩ ላይ የሚያልፈውን ትልቁን ነገር ለኩ። ለምሳሌ የጀርመኑ ታይገር ታንክ ከ3 ሜትር ተኩል በላይ ስፋት ነበረው፤ በ28 ሚሊ ሜትር ጨዋታ 6.5 ሳንቲ ያህል ይሆናል። የድልድዩ መንገድ ከዚህ ከጠበበ ታንኩ ግድግዳው ላይ ተቀምጦ ይቀራል። ርዝመቱን ስትለኩ ደግሞ ውሃውን ብቻ አትለኩ። የድልድዩ እግሮች የሚያርፉት ከዳርቻው ጉብታ ውጭ ነው፤ ከአንዱ ዳርቻ የውጭ ጠርዝ እስከ ሌላው ድረስ ነው መለካት ያለበት። 8 ሳንቲ ውሃ ግራና ቀኙ 3 ሳንቲ ዳርቻ ካለው 14 ሳንቲ የሚያሻግር ድልድይ ይፈልጋል።