ውርጭ ከሰማይ አይወርድም

የካቲት ገብቶም ብርዱ አለቀቀንም። ደሴ ላይ ጋቢ ሳይደርቡ በማለዳ መውጣት የማይታሰብ ሆኗል። ደላንታና ለጋምቦ ያሉ ዘመዶች ሲደውሉ ሰላምታው ሳያልቅ ወሬው ወደ አመዳዩ ይዞራል። ይሁን፣ ብርዱንስ ቻልነው። እኔ ያልቻልኩት ቡና ላይ የሚወራውን ነው። ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ የአየር ጠባይ ነገር ደግሞ ከሥራም አልፎ ሱስ ሆኖብኛል። ስለዚህ በበረደ ቁጥር «መምህር፣ ይሄ ነገር ምን ጉድ ነው?» እባላለሁ። መልሴን የሚጠብቅ ግን የለም። ጠያቂው መልሱን ራሱ ይዞ ነው የሚመጣው።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ።

«ምድር ከፀሐይ ስለራቀች ነው።» ተቃራኒው ነው። ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ ነው፤ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ። በሰኔ መጨረሻ ወደ 152 ሚሊዮን ትርቃለች።

«ብርዱ የሚከፋው እኩለ ሌሊት ላይ ነው።» አይደለም። መሬት ሙቀቷን ስታወጣ ታድርና፣ ዝቅተኛው የሚመዘገበው ፀሐይ ብቅ ስትል ነው፤ በዚህ ሰሞን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ግድም። ከሱብሂ የሚመለሰውም፣ ኪዳን አድርሶ የሚወጣውም ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል።

«ዓለም ሞቀች ይላሉ፣ እኛ ግን ይሄው በረደን።» የአንድ ወር ብርድ ሌላ፣ የብዙ ዓመታት የዓለም አማካይ ሌላ። እንለፈው።

«ብርዱ ከበረታ በልጉ ያምራል።» ይሄኛው ከልቤ ያሳዝነኛል፤ ኑሮው በበልግ ገብስ ላይ የተንጠለጠለ የደጋ ሰው ሲናገረው ስሰማ። ይህ ብርድ የሚመጣው ከሰሜን ምሥራቅ፣ በዓረብ ምድር በኩል አቋርጦ በሚነፍሰው ደረቅ አየር ነው። የበልግ እርጥበት ግን ዋና ምንጩ የሕንድ ውቅያኖስ ነው። የካቲት ላይ ሌሊቱ ጥርት ብሎ የሚበርድ ከሆነ፣ ደረቁ አየር ገና ቦታውን አልለቀቀም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ዝናቡ ይመጣ ይሆን ይቀር ይሆን፣ ብርዱ ምስክር አይሆንም።

«ስልኬ 4 ዲግሪ ነው የሚለው፣ ውርጭ ከየት ይመጣል?» የወጣቶቹ ናት ይቺ። ወንድሜ፣ ስልክህ የሚነግርህ ግምት ነው። እሱም ከመሬት 2 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ በጥላ ውስጥ ስለሚለካ ሙቀት ነው። ድንችህ ግን 2 ሜትር ላይ አልበቀለም። ነፋስ በሌለበት ጥርት ባለ ሌሊት ሣሩ ከዚያ ቁጥር በ4 እና በ5 ዲግሪ ዝቅ ሊል ይችላል። ስልኩ 4 ሲል ሣሩ ዜሮ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ውርጩ ከተራራ ነው የሚመጣው፣ ከሰማይ ይወርዳል፤ ዝቅ ያለ ቦታ ያለ ሰው ከለላ አለው።» ይህን ከተማሪም፣ ከነጋዴም፣ ይባስ ብሎ ከባለሙያም ሰምቻለሁ። ትዕግሥቴ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው፤ ስህተቱ ሰብል ያስበላላ!

አመዳይ እንደ በረዶ ከላይ አይጥልም። እዚያው ቅጠሉ ላይ ነው የሚሠራው። ሰማዩ ጥርት ሲል መሬት ሙቀቷን ወደ ላይ ትለቃለች፤ የሚመልስላት ደመና የለም። መሬት ስትቀዘቅዝ የነካት አየርም ይቀዘቅዛል። በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ከዜሮ በታች የወረደ ቅጠል ሲያገኝ ነጭ ሆኖ ይለጠፍበታል። አለቀ። ቀን ላይ ከፍታ ብርድ ነው፣ እውነት ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣ ሰው 650 ሜትር ገደማ ስለሚወጣ 4 ዲግሪ ያህል ያጣል። በሌሊት ግን፣ በተለይ በአንድ ተዳፋት ላይ፣ ነገሩ ይገለበጣል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው። እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስሳል፣ ጎድጓዳ ሲያገኝ ይተኛል፣ የሚያግደው ካለ ይከተራል።

ደሴ ዙሪያ በመስኖ ድንች የሚያለማ አንድ የማውቀው ገበሬ አለ። ማሳው ተዳፋት ነው። ባለፈው ሳምንት ወስዶ አሳየኝ። ከላይ ያለው ለምለም ነው፣ አበባ እንኳ ይዟል። ወደ ታች ስንወርድ ቅጠሉ ውሃ እንደጠገበ ጨርቅ ላሽቋል፤ መጨረሻ ላይ፣ ካቡ ሥር፣ ጥቁር ነው። በጣቴ ስነካው ተፈረፈረ። ጎረቤቶቹ «ውርጭ ሰው አይቶ ነው የሚመታ» ብለውታል። እሱ ደግሞ ዘሩን ጠርጥሯል፣ ከታች የተከለው ከሌላ ሰው የገዛውን ነው። እኔ ያየሁት ግን ካቡን ነው። በማሳው ግርጌ ከዳር እስከ ዳር የተካበ፣ ወገብ የሚደርስ፣ አንድ ቀዳዳ የሌለው የድንጋይ ካብ። ከዳገቱ የወረደው ቀዝቃዛ አየር በሙሉ እዚያ ታግዶ ነው ያደረው።

«በል፣ ሁለት ቦታ ክፈትለት» አልኩት። ሳቀብኝ። «መምህር፣ ብርድ በበር ነው እንዴ የሚወጣ?» አዎ፣ በበር ነው የሚወጣ! አፈሩ በጎርፍ እንዳይሄድ ካቡ ያስፈልጋል፣ አፍርሰው አላልኩም። ግን አፈሩን የያዘውን ሥሩን ሳይነኩ፣ ከአፈሩ በላይ ያለውን ድንጋይ አንስቶ መውጫ መተው ይቻላል። ጥቅጥቅ ያለ የቁልቋል አጥርም ከማሳ ግርጌ ሲሆን ያው ነው። ከማሳው በላይ ከሆነ ግን የሚወርደውን ስለሚያስቀይስ ይጠቅማል።

ይህን ካነሳን ሌላውንም ልጨምር። ብርድ የማይችለውን፣ ድንችና ቲማቲሙን፣ ከጎድጓዳው አውጡና የተዳፋቱ ወገብ ላይ ትከሉ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ጸጥ ካለ፣ ከሰዓት በኋላ አጠጡ፤ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል። ችግኝ በማዳበሪያ ከረጢት ወይም በሣር የምትሸፍኑ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሸፍኑ እንጂ ከመሸ በኋላ አይሁን፤ ያኔ የሚጠራቀም ሙቀት አይኖርም። ጠዋት ግለጡት። ደረቅ ገለባ ግን በተክሉ ዙሪያ አፈሩ ላይ አታልብሱ፤ ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት ያፍንባችኋል።

ኩበትና አሮጌ ጎማ እያነደዱ ማሳ የሚያጥኑም አሉ። ጭሱ ሙቀት አያግድም፤ ቅንጣቶቹ ለዚያ በጣም ደቃቅ ናቸው። ጥቂት የሚረዳ ነገር ካለ እሳቱ ነው። የጎማው ትርፍ ሳል ብቻ ነው።

ሳል ካልን፣ የደሴ–ኮምቦልቻ ሚኒባስ። አንዱ መስኮት ጣት ያህል ከተከፈተ «ኧረ ዝጉት፣ ብርድ ሊመታን ነው!» ይባላል። ከኋላ ያለው እያነጠሰ ነው። ጉንፋን የሚይዛችሁ ከእሱ ነው፤ ቫይረሱን ከታፈገ አየር ጋር እየተቀባበላችሁ። ክፈቱት።

አረቄም አያሞቅም። ቆዳን ያሞቅና የሰውነትን ሙቀት ወደ ውጭ ያስወጣል።

ከሰሉን ግን በቀልድ አላልፈውም። «ፍም ከሆነ፣ ጭስ ከሌለው አብሽር» ይሉኛል። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም፣ ቀለምም፣ ጭስም የለውም፤ ከፈመ ከሰልም ይወጣል። ከሰል ቤት ውስጥ አስቀምጦ መተኛት የለም፣ መስኮቱ ገርበብ ቢልም። ቤቱ ሞቆ ሳለ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ከጀመረ «ብርድ መታኝ» ብላችሁ ይበልጥ አትከናነቡ። መጀመሪያ ሰዎቹን ወደ ደጅ አውጡ፣ ከዚያ በሩን በርግዱ፣ ቀጥሎ ወደ ጤና ጣቢያ።