የአየር ማረፊያ የከፍታ ገደብ ምንድን ነው?

ባሕር ዳር ላይ፣ ወደ አየር ማረፊያው አቅጣጫ ቦታ የያዘ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ፎቅ ይፈቀዳል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን በፎቅ አይሰጥም። የአቪዬሽን ባለሙያ የሚያየው ከአውሮፕላን መንደርደሪያው ተነስቶ በአየር ላይ የተዘረጋ፣ በዓይን የማይታይ ጣሪያ ነው። ከዚያ ጣሪያ በላይ ሕንጻም ሆነ የሞባይል ማማ፣ ባሕር ዛፍም ሆነ ክሬን ብቅ እንዳይል የሚከለክለው ደንብ የከፍታ ገደብ ይባላል። መነሻው ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ውል፣ የቺካጎ ስምምነት፣ 14ኛ አባሪ ሲሆን በአገራችን ጉዳዩን የሚከታተለው የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው።

ጣሪያው ምን ይመስላል? አንድ ትልቅ ሳፋ ከመንደርደሪያው በላይ ተንጠልጥሎ ይታሰባችሁ። ለትልልቅ አውሮፕላኖች በተሠራ አየር ማረፊያ የሳፋው ጠፍጣፋ ወለል ከአየር ማረፊያው 45 ሜትር ከፍ ብሎ እስከ 4 ኪሎ ሜትር ይዘረጋል። ከዚያ ጠርዙ በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር እያደገ ይሄድና 6 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ 145 ሜትር ይሆናል። ከሳፋው ሥር፣ ከመንደርደሪያው ግራና ቀኝ ደግሞ በ7 ሜትር ርቀት 1 ሜትር የሚወጣ ተዳፋት አለ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 45 ሜትሩ የሚለካው ከሕንጻው መሠረት አይደለም፤ ከአየር ማረፊያው ከፍታ ነው። የባሕር ዳሩ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 1,820 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ ጣሪያው እንግዲህ 1,865 ላይ ነው ማለት ነው። ከመንደርደሪያው ጎን 3 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሁለት ቦታዎች አሉ እንበል። የአንዱ መሬት 1,800 ሜትር ላይ ቢሆን 65 ሜትር ይተርፈዋል። የሌላው ጉብታ ላይ፣ 1,840 ላይ ቢሆን የሚተርፈው 25 ሜትር ብቻ ነው። ለሊፍት ክፍሉ፣ ለውኃ ታንከሩና ለአንቴናው 7 ሜትር ቀንሰን፣ አንዱን ፎቅ በ3.3 ሜትር ብናሰላው የመጀመሪያው 17 ፎቅ ያህል ሲደርሰው ሁለተኛው 5 ላይ ይቆማል። ርቀታቸው አንድ፣ ዕጣቸው ግን ለየቅል። «ለጎረቤቴ ተፈቅዶ ለእኔ ለምን?» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ መልሱ ያለው መሬቱ ውስጥ ነው። ጣና ራሱ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ስለተኛ ወደ ሐይቁ የሚወርድ መሬት ከአየር ማረፊያው ያንሳል፤ ያም ሆኖ ዳርቻው በሌላ ሕግ ስለሚጠበቅ ማንም «ዝቅ ያለ ነው» ብሎ እንዳይቸኩል።

ገደቡ ከሁሉ ይበልጥ ጠበቅ የሚልበት ግን ጎኑ አይደለም፤ የመንደርደሪያው ሁለት አናቶች፣ ማለትም ጫፎቹ ናቸው። የባሕር ዳሩ መንደርደሪያ ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ የተዘረጋ ነው፤ አውሮፕላኑ በዚህ መስመር ነው የሚወጣውም የሚወርደውም። በማረፊያው በኩል ያለው ተዳፋት ከመንደርደሪያው አናት 60 ሜትር ርቆ ይጀምርና በየ100 ሜትሩ 2 ሜትር ብቻ ይወጣል። ከአናቱ 500 ሜትር ርቆ የሚፈቀደው ቁመት ከ9 ሜትር ያንሳል ማለት ነው፤ 1 ኪሎ ሜትር ላይ እንኳ 19 ሜትር አይሞላም። ተዳፋቱና ሳፋው በተደራረቡበት ቦታ ከሁለቱ ዝቅ ያለው ይገዛል።

እንግዲህ ጎጃም ውስጥ የባሕር ዛፍ ነገር ቀልድ አይደለም። ገበሬው ለግንድና ለአጠና ብሎ ይተክለዋል፤ በጥቂት ዓመት 15 ሜትር አልፎ ይሄዳል። ከመንደርደሪያው አናት ፊት ለፊት 500 ሜትር ላይ የተተከለ እንደሆነ የግንባታ ፈቃድ የማያስፈልገው፣ ማንም መሐንዲስ ያልነደፈው እንቅፋት በየክረምቱ እያደገ ነው። ከሕንጻ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ሕንጻ ቢያንስ ማዘጋጃ ቤት ሳይመጣ አይጀመርም።

ተዳፋቱ ለምን ይህን ያህል ተጋደመ? ሁለት ሞተር ያለው የመንገደኛ አውሮፕላን በሚነሳበት ቅጽበት አንዱ ሞተር ቢጠፋበት በቀረው አንድ ሞተር መውጣት አለበት። ያን ጊዜ ከእሱ የሚጠበቀው ትንሹ አወጣጥ በየ100 ሜትሩ 2.4 ሜትር ብቻ ነው። ገደቡ የተሠራው ለደህናው ቀን ሳይሆን ለዚያ ቀን ነው። በደጋችን ላይ ደግሞ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም ባሕር ጠረፍ ላይ ያላቸው ጉልበት የላቸውም፤ የቀትር ሙቀት ሲጨመርበት ይብሳል።

ባሕር ዳር ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከዚህ ወደ አስመራ ሊበር የተነሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ሁለቱም ሞተሮቹ ርግቦች ገቡባቸው። ለመመለስ ሲሞክር ወድቆ ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ጥፋቱ የሕንጻ አልነበረም፤ ነገር ግን አብራሪ በዝቅተኛ ከፍታ ጉልበት ሲያጣ ከፊቱ ያለው ባዶ ሰማይ ምን ያህል እንደሚያስፈልገው ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም። ወፍ የሚሰበስብ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ በአየር ማረፊያ አጠገብ እንዳይኖር የሚባለውም ለዚሁ ነው።

ገደቡ ሲጣስ ሁልጊዜ አደጋ ይደርሳል ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ቀስ ብሎ የሚበላ ጉዳት ነው፦ የማረፊያው መነሻ ወደ ውስጥ ይገፋና የሚያገለግለው መንደርደሪያ ያጥራል፤ ደመና በሚወርድበት የክረምት ቀን ለማረፍ የሚፈቀደው ዝቅተኛ ከፍታ ከፍ ይልና በረራ ይሰረዛል፤ አውሮፕላኑ ጭነትና መንገደኛ ቀንሶ ይነሳል። አንድ ባለሀብት ባተረፋቸው ሁለት ፎቆች የከተማው ሰው ሁሉ ይከፍላል። ይህ ፍትሕ አይደለም።

አዲስ አበባ በ1950ዎቹ ከልደታው ሜዳ ወደ ቦሌ ስትሄድ ቦሌ ከከተማ ውጭ ነበር። ዛሬ በአራቱም ማዕዘን ተከቧል። ባሕር ዳር መሐል ከተማዋ ከአየር ማረፊያው ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ ረጃጅም ሕንጻዎቿን በዚያ በኩል ለማቆም ሰፊ ዕድል አላት። አየር ማረፊያው ባለበት በምዕራብ ያለውን ዝቅ አድርጎ፣ ምሥራቁን ከፍ አድርጎ መገንባት ይቻላል፤ ሳይቃጠል በቅጠል።

በዚያ አካባቢ ሊገነባ ያሰበ ሰው የቦታውን መጋጠሚያ ነጥብ (ኮኦርዲኔት) እና የመሬቱን ከፍታ በቀያሽ አስለክቶ፣ ንድፉን ከማሠራቱ በፊት ፈቃድ ይጠይቅ። የሚያቀርበው ቁመት የመጨረሻውን ኮንክሪት ሳይሆን የመብረቅ መከላከያውን ጫፍ ነው። ክሬኑም ይቆጠራል፤ ሕንጻው ሲያልቅ ከገደቡ በታች ቢሆንም ሲሠራ ከበላዩ የሚዞረው ክሬን ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ክሬኑ ከመቆሙ በፊት ለብቻው ይጠየቅለታል፤ ማታ ማታም ጫፉ ላይ ቀይ መብራት ይበራል።