የኮንፌዴሬሽኑ ዓርማ በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ሰንደቅ ዓላማ ላይ

በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት 11 የደቡብ ግዛቶች ከኅብረቱ ተገንጥለው ያቆሙት መንግሥት ኮንፌዴሬሽን ይባል ነበር። ዕድሜው ከ1861 እስከ 1865 አራት ዓመት ብቻ ነው። ጦሩ ይዞት የዘመተው ዓርማ ግን በአንድ ግዛት ይፋዊ ሰንደቅ ዓላማ ላይ እስከ 2020 ድረስ ቆይቷል። ዓርማው በግዛት ባንዲራና በምክር ቤት ሕንፃ ላይ ሊውለበለብ ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለው ክርክር የአንድን ገዥ ሥልጣን አናግቷል፣ ሕዝበ ውሳኔ አስጠርቷል፤ ሁለት ጊዜም ዕልባት ያገኘው ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ደጋፊዎቹ ዓርማውን ለአገራቸው የወደቁ አያቶቻቸው መታሰቢያ፣ የደቡብ ቅርስ ይሉታል። ተቃዋሚዎቹ የባርነትና የዘር መድልዎ ምልክት ነው ይላሉ። ሁለቱን ለመመዘን ከሁሉ የሚረዳው ዓርማው በየግዛቱ ባንዲራ ላይ የገባበትን ዓመት ማየት ነው። ከጦርነቱ ዘመን የተረፈ አንድም የለም። ሁሉም የመጡት ሠላሳ፣ ስልሳ፣ ዘጠና ዓመት ቆይተው፣ የጥቁሮች መብት በተነጠቀባቸው ወይም ሊመለስ በተቃረበባቸው ወቅቶች ነው።

ዓርማው ከየት መጣ

ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው ቀይ መደብ ላይ በሰያፍ የተጣለ ሰማያዊ መስቀልና 13 ነጭ ኮከቦች ያሉትን ነው። ይህ ለብቻው የመንግሥቱ ሰንደቅ ዓላማ ሆኖ አያውቅም። በማርች 1861 የወጣው የመጀመሪያው ሰንደቅ ዓላማ ቀይ፣ ነጭና ቀይ አግድም መስመሮች የነበሩት፣ ጥጉ ላይ ደግሞ በሰማያዊ መደብ ኮከቦች በክብ የተደረደሩበት ነበር። ከአሜሪካ ባንዲራ ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል በጁላይ 1861 በማናሳስ ውጊያ ወገንን ከጠላት ለመለየት አስቸገረ። ከዚያ ወዲህ በቨርጂኒያ የነበረው ጦር የሳውዝ ካሮላይናው ፖለቲከኛ ዊልያም ፖርቸር ማይልስ ያቀረበውን የመስቀል ንድፍ መያዝ ጀመረ። በ1863 እና በ1865 የወጡት ሁለት ሰንደቅ ዓላማዎችም ይህንኑ የጦር ዓርማ በጥጋቸው አስገቡት። በመጀመሪያው ሰንደቅ ዓላማና በጦር ዓርማው መካከል ያለው ልዩነት ጆርጂያ ላይ ስንደርስ ትልቅ ትርጉም ይኖረዋል።

ጦርነቱ የተካሄደው ለምን ነበር ለሚለው ጥያቄ መልሱን የሰጡት ተገንጣዮቹ ራሳቸው ናቸው። ሚሲሲፒ የመገንጠሏን ምክንያት ባስታወቀችበት ጽሑፍ አቋሟ ከባርነት ጋር ፈጽሞ የተሳሰረ መሆኑን በግልጽ ጽፋለች። የኮንፌዴሬሽኑ ምክትል ፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ስቲቨንስም በማርች 1861 ሳቫና ከተማ ባደረገው ንግግር፣ የአዲሱ መንግሥት የማዕዘን ድንጋይ ጥቁር ከነጭ እኩል አይደለም፣ ባርነትም የተፈጥሮ ቦታው ነው የሚለው እምነት መሆኑን ተናግሯል። ጦርነቱ ስለ ግዛቶች መብት እንጂ ስለ ባርነት አልነበረም የሚለው ትረካ የተስፋፋው ከሽንፈቱ በኋላ ነው፤ የባንዲራው ክርክር ሁሌም የሚጋጨው ከዚህ ትረካ ጋር ነው።

በባንዲራ ላይ የገባባቸው ሁለት ዘመናት

የመጀመሪያው ዘመን የ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ሚሲሲፒ በ1890 አዲስ ሕገ መንግሥት አወጣች። በግዛቲቱ በቁጥር ይበልጡ የነበሩት ጥቁሮች በምርጫ ግብርና በንባብ ፈተና ከምርጫ መዝገብ ወጡ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1894፣ የጦር ዓርማው በባንዲራዋ ጥግ ላይ ተቀመጠ። አላባማ በ1895 በነጭ መደብ ላይ ቀይ የእንድርያስ መስቀል (በሰያፍ የተጣለ መስቀል) ያለበትን ባንዲራ ተቀበለች። ፍሎሪዳ የቀድሞው የኮንፌዴሬሽን ወታደር ገዥ ፍራንሲስ ፍሌሚንግ ባነሳው ሐሳብ መሠረት ተመሳሳይ ቀይ መስቀል የጨመረችው በ1900 ነው። የሁለቱ መስቀል በቀጥታ ከጦር ዓርማው የተወሰደ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። አርካንሶ ደግሞ በ1920ዎቹ በባንዲራዋ ላይ ለኮንፌዴሬሽኑ መታሰቢያ አንድ ኮከብ ጨመረች።

ሁለተኛው ዘመን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይጀምራል። በ1948 የፕሬዚዳንት ትሩማንን የዜጎች መብት ፖሊሲ ተቃውመው ከዴሞክራቲክ ፓርቲ የወጡት የደቡብ ፖለቲከኞች ስትሮም ተርመንድን ለፕሬዚዳንትነት ሲያቀርቡ በስብሰባዎቻቸው ላይ የጦር ዓርማው ይውለበለብ ነበር። በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን በትምህርት ቤት መለያየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈረደ። ዓርማው በአደባባይ በብዛት የታየው ከዚያ ወዲህ ነው። ጆርጂያ በ1956 ባንዲራዋ ላይ አኖረችው፤ ሳውዝ ካሮላይና በ1961 ምክር ቤቷ ጉልላት ላይ ሰቀለችው፤ የአላባማው ገዥ ጆርጅ ዋላስም በ1963 የፌዴራሉ ዋና ዐቃቤ ሕግ ሮበርት ኬኔዲ ስለ ትምህርት ቤት ውህደት ሊያነጋግረው በመጣ ጊዜ በምክር ቤቱ ላይ አውለበለበው።

ጆርጂያ

የ1956ቱ የጆርጂያ ምክር ቤት ባንዲራውን በለወጠበት ጉባኤ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን የትምህርት ቤት ውሳኔ እንደማይቀበል የሚያውጅ ውሳኔም አሳልፏል። ሁለቱን አንድ ላይ ያየ ሰው ዓርማው ለምን እንደተጨመረ ለመረዳት ብዙ አይቸገርም።

በ1992 ገዥው ዜል ሚለር ከአትላንታ ኦሎምፒክ በፊት ዓርማው እንዲነሳ ሐሳብ አቀረቡ። ምክር ቤቱ እምቢ አለ፣ የሕዝብ አስተያየትም ከእሳቸው ጋር አልነበረም፤ በ1994 ሥልጣናቸውን ያቆዩት በጠባብ ልዩነት ነው። ስለዚህ በ1996 ፋጡማ ሮባ በማራቶን ለወርቅ ስትበቃና ኃይሌ ገብረ ሥላሴ 10,000 ሜትርን ሲያሸንፍ የአስተናጋጇ ግዛት ሕጋዊ ሰንደቅ ዓላማ ባርነትን ለማቆየት የተዋጋው ጦር ዓርማ ያለበት ነበር። ፋጡማ በኦሎምፒክ ማራቶን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት መሆኗን ሳስብ ይህ ዝርዝር በቀላሉ አያልፈኝም።

ገዥው ሮይ ባርንስ በ2001 ጉዳዩን በፍጥነት ጨረሱት። አዲሱ ባንዲራ ሰማያዊ ሆኖ የግዛቲቱን ማኅተም ይዞ ነበር፤ ከሥሩ አምስት ትንንሽ የቀድሞ ባንዲራዎች ተደርድረዋል፤ የ1956ቱም አንዱ ነው። ሁሉንም ለማስደሰት የተሠራው ባንዲራ ማንንም አላስደሰተም። የሰሜን አሜሪካ የሰንደቅ ዓላማ ጥናት ማኅበር በዚያው ዓመት 72 የአሜሪካና የካናዳ ባንዲራዎችን ባወዳደረበት ጥናት የመጨረሻውን ደረጃ ሰጠው። በቀጣዩ ዓመት ባርንስ በምርጫ ተሸነፉ፤ ለሽንፈታቸው ባንዲራው ከምክንያቶቹ አንዱ እንደነበር በሰፊው ይታመናል። ያሸነፏቸው ሰኒ ፐርዱ ስለ ባንዲራው ሕዝቡ ይወስናል ብለው ቃል ገብተው ነበር። በማርች 2004 ሕዝበ ውሳኔው ተካሄደ፣ የ1956ቱ ባንዲራ ግን ለምርጫ አልቀረበም። ያሸነፈው በ2003 የወጣው የዛሬው ባንዲራ ነው፦ ቀይ፣ ነጭና ቀይ መስመር፣ ጥጉ ላይ ሰማያዊ፣ በውስጡም የግዛቲቱን ዓርማ የከበቡ 13 ኮከቦች።

ይህ ንድፍ የተወሰደው ከኮንፌዴሬሽኑ የመጀመሪያ ሰንደቅ ዓላማ ነው። የጦር ዓርማውን ተቃውሞ ሰልፍ የወጣው ሕዝብ የመንግሥቱን ባንዲራ ግን ብዙም አያውቀውም። በክላርክስተንና በአትላንታ ዙሪያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ደጃፍ የሚያልፉት በዚህ ባንዲራ ሥር ነው፤ አመጣጡን የሚነግራቸው ጽሑፍ ግን ባንዲራው ላይ የለም።

ሳውዝ ካሮላይና

የሳውዝ ካሮላይና ባንዲራ ዘንባባና ጨረቃ እንጂ የጦር ዓርማ የለበትም፤ ክርክሩ የተነሳው ምክር ቤቱ ላይ በተሰቀለው ሌላ ባንዲራ ነው። የጦርነቱን 100ኛ ዓመት ለማሰብ ተብሎ በ1961 ከተሰቀለ በኋላ ማንም አላወረደውም። በጃንዋሪ 2000 በማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በግዛቲቱ ዋና ከተማ በኮሎምቢያ ሰልፍ ወጡ። ምክር ቤቱም ባንዲራውን ከጉልላቱ አውርዶ ፊት ለፊት ባለው የወታደሮች ሐውልት አጠገብ እንዲተከል ወሰነ።

ጁን 17 ቀን 2015 ቻርልስተን ከተማ በሚገኘው አማኑኤል ቤተ ክርስቲያን አንድ የነጭ የበላይነት አክራሪ አብረውት መጽሐፍ ቅዱስ ሲያጠኑ ያመሹ ዘጠኝ ጥቁር ምእመናንን ገደለ። ከሟቾቹ አንዱ ፓስተርና የግዛቲቱ ሴናተር ክሌመንታ ፒንክኒ ነበሩ። ገዳዩ ከጦር ዓርማው ጋር የተነሳቸው ፎቶዎች ወጡ። በሐዘኑ ሰሞን የአሜሪካና የግዛቲቱ ባንዲራዎች ዝቅ ብለው ሲውለበለቡ የኮንፌዴሬሽኑ ባንዲራ ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይነካም ስለተባለ ከነከፍታው ቀረ። ጁን 27 ብሪ ኒውሰም የተባለች ወጣት ምሰሶውን ወጥታ አወረደችው፤ ታሰረች፣ ባንዲራውም ወዲያው ተመልሶ ተሰቀለ። ምክር ቤቱ ለመወሰን ሲሰበሰብ ከኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ከጄፈርሰን ዴቪስ ቤተሰብ እወለዳለሁ ያሉት የምክር ቤት አባል ጄኒ ሆርን ባንዲራው እንዲነሳ እያለቀሱ ተማጸኑ። ውሳኔው 94 ለ20 አለፈ፤ ገዥዋ ኒኪ ሄሊ ፈረሙ፤ ጁላይ 10 ባንዲራው ወረደ።

ሚሲሲፒ

ከአሜሪካ ግዛቶች ከሕዝቧ ከፍተኛው መቶኛ ጥቁር የሆነባት ሚሲሲፒ ናት፤ 38 በመቶ ገደማ። የጦር ዓርማውን በግዛት ባንዲራ ላይ ከሁሉም በኋላ ያነሳችውም እሷ ናት። በ2000 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ አስገራሚ ነገር አረጋገጠ፦ በ1906 ሕጎች እንደገና ሲጠናቀሩ የባንዲራው ሕግ ስለተዘለለ ግዛቲቱ ለ94 ዓመታት በሕግ የጸና ባንዲራ አልነበራትም። በቀጣዩ ዓመት በአፕሪል ሕዝበ ውሳኔ ተጠራ፤ 64 በመቶ ያህሉ መራጭ የ1894ቱ ባንዲራ ይቀጥል አለ። ድምፁ በአብዛኛው የዘርን መስመር ተከትሎ የተከፈለ ነበር።

ከቻርልስተን ግድያ በኋላ የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ፊሊፕ ገን፣ ሪፐብሊካን ሆነው፣ እንደ ክርስቲያን ባንዲራው መለወጥ አለበት ብለው ተናገሩ። ፓርቲያቸው አልተከተላቸውም። የግዛቲቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ግን አንድ በአንድ ባንዲራውን ከግቢያቸው አወረዱ።

ነገሩን የለወጠው የ2020ው ክረምት ነው። በሜይ መጨረሻ ጆርጅ ፍሎይድ በሚኒያፖሊስ በፖሊስ እጅ ከተገደለ በኋላ ሰልፉ የሚሲሲፒ ዋና ከተማ ጃክሰን ደረሰ። የደቡብ ምሥራቅ ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ሊግ ባንዲራው ካልተለወጠ በሚሲሲፒ ሻምፒዮና ላለማካሄድ አስብበታለሁ አለ። የሚሲሲፒ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ኮከብ ካይሊን ሂል ባንዲራው ካልተነሳ ለግዛቲቱ አልጫወትም ብሎ ጻፈ። የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መሪዎች ለውጡን ደገፉ፣ ዋልማርት ባንዲራውን ከመደብሮቹ አነሳ። የጥቁር መራጮች ድምፅ 20 ዓመት ሙሉ ያላንቀሳቀሰው ምክር ቤት በኳስና በገበያ ግፊት በሳምንታት ውስጥ ተንቀሳቀሰ፤ ይህ ለድሉ ደስ ለሚለው ሁሉ የሚመር እውነት ነው።

ጁን 28 የተወካዮች ምክር ቤት 91 ለ23፣ ሴኔቱ 37 ለ14 ወሰኑ። ከሁለት ቀን በኋላ ገዥው ቴት ሪቭስ ፈረሙ። ሕጉ ለአዲሱ ባንዲራ ሁለት ነገር ደነገገ፦ የጦር ዓርማው እንዳይኖርበትና “በእግዚአብሔር እንታመናለን” የሚል ቃል እንዲኖርበት። የግዛቲቱ የመጀመሪያው ጥቁር የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ሩበን አንደርሰን የሰበሰቡት ኮሚሽን ወደ 3,000 የሚጠጉ ንድፎችን ተቀብሎ የማግኖሊያ አበባ ያለበትን መረጠ። አበባውን 20 ነጭ ኮከቦችና የአገሬው ተወላጆችን የሚወክል አንድ ወርቃማ ኮከብ ከበውታል። በኖቬምበር ከ70 በመቶ በላይ መራጭ አጸደቀው። ከ2001 ውጤት ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ለውጥ ነው፤ ልብ ሊባል የሚገባው ግን በዚህኛው ሕዝበ ውሳኔ አሮጌው ባንዲራ አማራጭ ሆኖ አለመቅረቡ ነው።

ፍርድ ቤቶችና የቀረው ክርክር

ከሳሾች ለአሥርተ ዓመታት ፍርድ ቤት ቢመላለሱም ባንዲራን በፍርድ ማውረድ አልተቻለም። የጆርጂያው ክስ በ1997፣ የሚሲሲፒው በ2017 የይግባኝ ፍርድ ቤት ውድቅ የተደረገው ባንዲራው ያደረሰው ተጨባጭ ጉዳት አልተረጋገጠም በሚል ነው። በአንጻሩ በ2015 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመኪና ታርጋ የመንግሥት ንግግር ስለሆነ ቴክሳስ ዓርማውን በታርጋዋ ላይ አላወጣም ማለት ትችላለች ብሎ 5 ለ4 ፈርዷል። ከእነዚህ ውሳኔዎች የሚገኘው አንድ ነገር ነው፦ ባንዲራ የመንግሥት ንግግር ስለሆነ የሚለውጠውም የፖለቲካ ውሳኔ ነው።

የጦር ዓርማው ዛሬ በየትኛውም ግዛት ባንዲራ ላይ የለም። የጆርጂያ ንድፍ፣ የአርካንሶ ኮከብ፣ የአላባማና የፍሎሪዳ መስቀሎች ግን አሉ። የአርካንሶን ኮከብ ትርጉም ለመለወጥ በ2019 የቀረበ ረቂቅ ሕግ በኮሚቴ ወድቋል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሰሜን ቨርጂኒያ ክርክሩ ወደ መንገድ ስሞች ዞሯል፤ የአሌክሳንድሪያው ጄፈርሰን ዴቪስ አውራ ጎዳና በ2019 ሪችመንድ ተብሏል፣ የአርሊንግተኑ ሊ አውራ ጎዳና በ2021 ላንግስተን ሆኗል። በአላባማና በሚሲሲፒ የማርቲን ሉተር ኪንግና የኮንፌዴሬሽኑ ጄኔራል የሮበርት ሊ በዓል እስከ አሁን በአንድ ሰኞ ይከበራሉ። አሮጌውን ባንዲራ ለማውረድ የፈረሙት ገዥ ሪቭስም ከዚያ ወዲህ አፕሪልን የኮንፌዴሬሽን ቅርስ ወር ብለው አውጀዋል።