ውሃው ጠራ ማለት ጸዳ ማለት አይደለም

የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፍሳሽን በኤሌክትሪክ ማጣራት (ፍሳሹ ውስጥ በተነከሩ ሰሌዳዎች ኤሌክትሪክ ማሳለፍ) ሲነሳ ደጋግመው ከሚሰሙ አባባሎች ጥቂቶቹን ላንሳ።

«ቀለሙ ከጠፋ ውሃው ንጹሕ ነው።»

ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው፤ ዓይን ስለሚያታልል። አብዛኞቹ የጨርቅ ማቅለሚያዎች «አዞ» ከሚባለው ወገን ናቸው። ቀለማቸው የሚመጣው ሁለት የናይትሮጅን አቶሞች ከሠሩት ድልድይ ነው። ድልድዩ ሲሰበር ቀለሙ በደቂቃዎች ውስጥ ሊጠፋ ይችላል፤ የሞለኪዩሉ ስብርባሪ ግን እዚያው ውሃው ውስጥ አለ። በተለይ ኦክሲጅን በሌለበት ሲሰበር አሮማቲክ አሚኖች የሚባሉ ናይትሮጅን ያለባቸው ውሁዶች ይፈጠራሉ፤ ከእነዚህ አንዱ የሆነው ቤንዚዲን ካንሰር አምጪነቱ የተረጋገጠ ነው። ስለዚህ ከብት የሚጠጣበት ወንዝ ውስጥ ከመልቀቅ በፊት ሊለካ የሚገባው በውሃው ውስጥ የቀረው ኦርጋኒክ ካርቦን (የስብርባሪው መጠን ማሳያ) እንጂ የውሃው መጥራት ብቻ አይደለም።

«ኤሌክትሪኩ ቀለሙን ያቃጥለዋል።»

እንደ ዘዴው ነው። የአልማዝ ቅብ ያለው አኖድ (ፖዘቲቩ ሰሌዳ) ላይ ከውሃው የሚፈጠረው ሃይድሮክሲል ራዲካል የተባለ ኃይለኛ ኦክሳይድ አድራጊ ማቅለሚያውን እስከ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ድረስ ሊያፈርሰው ይችላል። ርካሹና የተለመደው ዘዴ ግን የአሉሚኒየም ወይም የብረት ሰሌዳ እያሟሟ ቀለሙን በዝቃጭ ይሰበስባል። ቀለሙ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም።

«ኬሚካል የለውም፤ ዝቃጭም አያወጣም።»

ሰሌዳው ራሱ ነው ኬሚካሉ! 1 አምፔር ለ1 ሰዓት ሲፈስ 0.34 ግራም ያህል አሉሚኒየም ወይም 1 ግራም ያህል ብረት ይሟሟል። ይህ ሁሉ ከቀለሙ ጋር ዝቃጭ ሆኖ ይወጣል። ወንዝ ዳር ከተከመረ የክረምቱ ዝናብ መልሶ ያወርደዋል።

«ጨው የበዛበት ፍሳሽ ለዚህ ሥራ ይመቻል።»

ግማሹ እውነት ነው። ጥጥ ሲቀለም ብዙ ጨው ስለሚጨመር ፍሳሹ ኤሌክትሪክን በደንብ ያስተላልፋል፤ ኃይልም ይቆጥባል። ነገር ግን ከጨው የሚገኘው ክሎራይድ አኖዱ ላይ ክሎሪን፣ ቀጥሎም በረኪና ይሆናል። በረኪናው ቀለሙን ቶሎ ያነጣዋል፤ ከስብርባሪው ጋር ተዋሕዶ ግን መርዛማ የክሎሪን ውሁዶችን ሊፈጥር ይችላል። ጨውም ከውሃው አይወጣም። በሕንድ ቲሩፑር የኖይያል ወንዝ ብክለት ከፍቶ በ2011 የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማቅለሚያ ቤቶቹ እንዲዘጉ ሲያዝ፣ ከጉዳዩ ዋና ዋና ነጥቦች አንዱ ጨው ነበር። በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም ፍሳሽ ወደ ውጭ እንዳይለቅ ተደርጎ ነው የተነደፈው። እንዲህ ባለ አሠራር ጨውን ከውሃ የሚለዩት ስስ ማጣሪያዎችና ማትነኛዎች ናቸው፤ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ይህን አይሠራም።

«አንዴ ከተተከለ ራሱ ይሠራል።»

አይሠራም። ሰሌዳው በኦክሳይድ ይሸፈናል፤ ያን ጊዜ የኤሌክትሪክ ፍጆታው ይጨምራል፣ ማጣራቱም ይዳከማል። የፖዘቲቩንና የኔጋቲቩን ሰሌዳ ቦታ በየጊዜው ማለዋወጥ፣ ሰሌዳውን ማጠብ፣ ሲያልቅም መተካት የሚችል ባለሙያ በየፈረቃው ሊኖር ይገባል።