የቤት ካሜራ ወርሃዊ ክፍያ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ካሜራው ተገዝቶ በረንዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ምስሉ ስልክ ላይ መምጣት ከጀመረ ከጥቂት ቀናት በኋላ አፑ አንድ መልእክት ያወጣል፦ የነጻ ሙከራው ሊያልቅ ነው፤ ቅጂው ክላውድ ላይ (በኢንተርኔት በሚደረስበት የኩባንያው ማከማቻ) እንዲቀመጥልዎ በየወሩ ይክፈሉ። ጅማ መርካቶ ሱቅ ያለውም፣ ጅረን በኩል ቤት ሠርቶ ያከራየውም፣ በኅዳር ግቢው ሙሉ ቡና የሚያሰጣውም ያኔ ዞሮ የሚጠይቀው ጎረቤቱን ነው። ጎረቤት የሚለው ደግሞ ሁልጊዜ ልክ አይደለም።

ክፍያው በዋናነት የሚገዛው አንድ ነገር ነው፦ ከግቢው ውጪ፣ የሌባ እጅ የማይደርስበት ቦታ የተቀመጠ ቅጂ። ሌላው ማጀቢያ ነው። ስለዚህ መታየት ያለበት፣ ያ ቅጂ ለእርስዎ ግቢ ያስፈልጋል ወይ? በሰፈርዎ መብራትና ኔትወርክስ በጊዜው ይደርሳል ወይ? የሚለው ነው።

«ካልከፈሉ ካሜራው አይሠራም»

ይህ በካሜራው ዓይነት ይወሰናል። ሪንግ ካልተከፈለበት በቀጥታ ያሳያል፣ ሰው ሲንቀሳቀስም ስልክ ላይ ያስታውቃል፤ ቅጂ ግን አያስቀምጥም። የጉግል ኔስት ያለ ክፍያ የሚያቆየው የጥቂት ሰዓታት ቅጂ ብቻ ነው። ቲፒ-ሊንክ ታፖ፣ አብዛኞቹ የኢዝቪዝ ካሜራዎችና በቪ380 አፕ የሚሠሩት ርካሾቹ ደግሞ የሜሞሪ ካርድ ማስገቢያ አላቸው። ካርድ ከገባላቸው ሳንቲም ሳይከፈል ይቀርጻሉ፣ የተቀረጸውም በስልክ ይታያል።

ሲገዙ የሻጩን ቃል ብቻ አይመኑ። ካርድ ይዘው ይሂዱና እዚያው ሱቁ ውስጥ ያስገቡት፤ አፑ የሚያቀርበውን የነጻ ሙከራ ሳይቀበሉ ሁለት ደቂቃ ያስቀርጹ፤ ከዚያ ወደኋላ መልሰው ይዩት። ከታየ ካሜራው ያለ ክፍያም ይኖራል። ከውጭ ዘመድ የሚልክልዎ ከሆነ ደግሞ ሳይላክ በፊት ሁለት ነገር ያስጠይቁ፦ ካርድ ይቀበላል ወይ? ደንበኝነቱስ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ካሜራ ይሸጣል ወይ? ከሻንጣ ከወጣ በኋላ መልሱ «አይሆንም» ከሆነ መመለሻ የለውም።

«ክላውድ ከከፈልኩ መብራት ቢሄድም ይቀረጽልኛል»

ሰው አብዝቶ የሚጎዳበት ይኸኛው ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንየው።

መብራት ሲሄድ የሚጠፋው ካሜራው ብቻ አይደለም። ራውተሩም ይጠፋል፤ ፋይበር የገባበት ቤት ከራውተሩ ሌላ ትንሽ ሳጥን ካለ እሱም አብሮ ይጠፋል። ካሜራውን በፓወር ባንክ ቢያቆዩትም ራውተሩ ከሞተ ክላውድ ላይ አንድም ነገር አይደርስም። ቆጣሪው ከአጥር ውጪ ባለበት ቤት ደግሞ ሌባው ራሱ መብራቱን ሊያጠፋው ይችላል። ካርድ ያለው ካሜራ ግን ኤሌክትሪክ እስካገኘ ድረስ ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም ይቀርጻል። ስለዚህ ለክላውድ ከመክፈል በፊት የመጀመሪያው ብር የሚወጣው ለመጠባበቂያ ኃይል ነው።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። በቻርጀር የሚሠራ የዋይፋይ ካሜራ ብዙውን ጊዜ 5 ቮልት ይፈልጋል፤ ሌሊት የማታ መብራቱ ሲበራ እስከ 4 ወይም 5 ዋት ይበላል። 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚል ፓወር ባንክ በውስጡ 37 ዋት-ሰዓት ገደማ አለው፤ በመንገድ የሚባክነው ተቀንሶ 31 ያህሉ ይደርሳል። ይህ ካሜራውን ከ6 እስከ 7 ሰዓት ያቆየዋል። ለራውተሩ ሚኒ ዩፒኤስ የሚባለውን ባትሪ ያለው ትንሽ ሳጥን ይጠቀሙ። 8,800 ሚሊ አምፔር ሰዓት ያለው፣ 7 ዋት የሚበላ ራውተር ብቻውን ከተሰካበት 4 ሰዓት አካባቢ ይይዛል፤ የፋይበሩን ሳጥንና ካሜራውን ሁሉ ከጫኑበት ግን ወደ 2 ሰዓት ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል።

የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አንደኛ፣ ብዙ ፓወር ባንክ እየሞላ ኃይል አይሰጥም፤ የሚሰጠውም መብራት ሲሄድና ሲመጣ ለቅጽበት ያቋርጥና ካሜራው እንደገና ይነሳል፤ ያ አንድ ደቂቃ ሳይቀረጽ ያልፋል። ሁለተኛ፣ የራውተሩ ቻርጀር 12 ቮልት ይሁን 9 ቮልት ጀርባው ላይ ያንብቡ፤ ጫፉ ስለገጠመ ብቻ አይሰኩ። ሦስተኛ፣ መብራት ሲመለስ ከፍ ብሎ ስለሚመጣ ቻርጀሮቹን ኃይል በሚጠብቅ ማከፋፈያ ላይ ይሰኩ።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ አንድ ማታ ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ ያጥፉና ሰዓት ይያዙ። ካሜራው መቼ ጠፋ? ዋይፋዩስ? ቀን ላይ የተሞከረ አያሳምንም፤ የማታው መብራት ሲበራ ፍጆታው ሌላ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ጉዳይ አለ፦ ሰዓት። ብዙ ርካሽ ካሜራ የራሱ የሰዓት ባትሪ ስለሌለው መብራት ደርሶ ኢንተርኔት ሳይመጣ ከተነሳ የተሳሳተ ቀንና ሰዓት ይለጥፋል። ፖሊስ ጣቢያ «ይህ የትናንት ሌሊት ነው» ሲሉ ምስሉ የዓመታት በፊት ቀን ካሳየ ማስረጃዎ ጥያቄ ይነሳበታል። አፑ ላይ የሰዓት ክልሉን ፕላስ 3 ያድርጉ፤ አዲስ አበባ ካልተዘረዘረ ናይሮቢን ይምረጡ። ቅጂ ሲፈልጉም የሰዓት አቆጣጠራችንን አይርሱ፦ ካሜራው 20:15 ካለ ማታ 2 ሰዓት ከ15፣ 02:40 ካለ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ40 ነው።

«ሜሞሪ ካርድ የአንድ ቀን ብቻ ነው የሚይዘው»

በሴኮንድ 2 ሜጋ ቢት የሚቀርጽ ካሜራ ያለማቋረጥ ቢሠራ በሰዓት 900 ሜጋ ባይት፣ በቀን 21.6 ጊጋ ባይት ይሞላል። ባለ 128 ጊጋው ካርድ ስለዚህ 5 ቀን ተኩል ገደማ ይይዛል። ካሜራው ኤች 265 በሚባለው አጨማመቅ በ1 ሜጋ ቢት ከቀረጸ 11 ቀን ይሆናል። እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ እንዲቀርጽ ካደረጉት ሳምንታት ይሄዳል። ካርዱ ሲሞላ አሮጌውን እየደመሰሰ ይቀጥላል፤ ስለዚህ አንድ ነገር ከጠፋብዎ በዚያው ቀን ቅጂውን ያውርዱ፣ «ቅዳሜ አየዋለሁ» አይበሉ።

ካርድን ከነስሙ የሚያስጠላው የውሸቱ ነው። ላዩ ላይ 128 ተጽፎበት ውስጡ 16 የሆነ ካርድ መጀመሪያ ደህና ይቀርጻል፣ ሲሞላ ቅጂው ይበላሻል። ኮምፒውተር ላይ ኤች2ቴስትደብሊው በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ሙሉውን አስጽፈው አስነብቡት፤ ለ128 ጊጋ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፣ ግን ያዋጣል። ካርዱ ላይ «ሃይ ኢንዱራንስ» የሚለውን ይፈልጉ፤ ለስልክ የተሠራው ተራ ካርድ ቀን ከሌት ሲጻፍበት ቶሎ ያልቃል። ካሜራው ውስጥ ካስገቡት በኋላ በራሱ በአፑ ፎርማት ያድርጉት፤ በየወሩ አንዴ ደግሞ የትናንቱን ቅጂ ከፍተው ይዩ። ካርድ ሲሞት ብዙ ጊዜ ድምፅ አያሰማም።

«ሌባው ካሜራውን ነቅሎ ከወሰደ ካርዱም ሄደ፤ ስለዚህ መክፈል ግድ ነው»

ይህ ግማሹ እውነት ነው፣ ለክፍያው የሚቀርበው ትልቁ ክርክርም እሱ ነው። ክላውድ ላይ የሚጫነው አጭር ቅጂ ኢንተርኔቱ ደህና ከሆነ እንቅስቃሴው ከተጀመረ ጥቂት ሴኮንድ በኋላ መሄድ ይጀምራል። ሌባው አጥር ዘሎ መሰላል ፈልጎ ካሜራው ጋ እስኪደርስ ፊቱ ወጥቷል ማለት ነው።

ግን ሳይከፈል የሚሠራም መፍትሔ አለ። ካሜራውን ከመሬት 3 ሜትር ገደማ ላይ፣ ወንበር ተደርቦ በማይደረስበት ቦታ ይስቀሉት፤ ከዚያ በላይ ከወጣ ፊት ሳይሆን ኮፍያ ነው የሚያዩት። አንዱ ካሜራ ሌላውን እንዲያይ አድርገው ሁለት ይስቀሉ። አራትና ከዚያ በላይ ካሜራ ካሰቡ ደግሞ ገመድ ያለው ሥርዓት ይሻላል፦ ካሜራዎቹ ደጅ፣ መቅረጫው መኝታ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ። 1 ቴራ ባይት ዲስክ አራት ካሜራ በ2 ሜጋ ቢት 11 ቀን ያህል ይይዛል።

በእኛ ግምት ክፍያው የሚገባቸው እነዚህ ናቸው፦ ማታ ሰው የማያድርበት ሱቅ ወይም የቡና መጋዘን፤ ባለቤቱ ሌላ ከተማ ወይም ውጭ አገር ሆኖ የተዘጋ ቤት፤ ካሜራው የግድ ዝቅ ብሎ እጅ በሚደርስበት የሚሰቀልበት በር። ሰው የማይጠፋበት፣ ዘበኛ ያለው፣ ካሜራው ከፍ ብሎ የተሰቀለ ግቢ ግን ካርድና መጠባበቂያ ኃይል ይበቃዋል። ከብዙ ካሜራ አንዱን ብቻ፣ በሩን የሚያየውን፣ መክፈልም ይቻላል፤ አንዳንዱ ኩባንያ በካሜራ፣ አንዳንዱ በቤት ስለሚያስከፍል ይህን ቀድመው ይለዩ።

ለመክፈል ከወሰኑ መጀመሪያ የኢንተርኔትዎን የመጫን (አፕሎድ) ፍጥነት ይለኩ። ስልክዎን ይዘው ካሜራው የሚሰቀልበት ቦታ ላይ ቆመው፣ ማታ 2 ሰዓት ገደማ፣ ሰው ሁሉ ኢንተርኔት በሚጠቀምበት ሰዓት ይለኩት። የሚያዩት የማውረዱን ሳይሆን የመጫኑን ቁጥር ነው፤ ለአንድ ካሜራ ቢያንስ በሴኮንድ ከ2 እስከ 3 ሜጋ ቢት ያስፈልጋል። አብዛኛው የዋይፋይ ካሜራ የሚይዘው 2.4 ጊጋ ኸርዝ ብቻ ነው፤ በመካከል የቆርቆሮ አጥር ወይም የብረት በር ካለ ሞገዱን ያግዳል።

«ክላውድ የሞባይል ዳታ ይጨርሳል»

እንደ አቀራረጹ ነው። በቀን 40 ጊዜ፣ በየጊዜው 20 ሴኮንድ ቢጭን 200 ሜጋ ባይት፣ በወር 6 ጊጋ ነው። ቀን ከሌት የሚጭን ከሆነ ግን በወር ወደ 650 ጊጋ ይሄዳል፤ ይህ ገደብ ለሌለው የቤት ኢንተርኔት እንጂ ለሲም ካርድ ፓኬጅ አይሆንም። በስልክ አንድ ሰዓት በቀጥታ ማየትም ያው 900 ሜጋ ባይት ገደማ ነው፤ ይህ ከፈሉም አልከፈሉም አይቀርም።

«ከከፈልኩ የውሸት ማስጠንቀቂያ ይቀራል»

ጅማ ላይ ከመጋቢት እስከ መስከረም የሚዘንበውን ዝናብ ያስቡ። ሌሊት የካሜራው የማይታይ መብራት ሲበራ በሌንሱ ፊት የሚወርደው ጠብታ እንደ ነጭ ክር ያበራል፤ ካሜራው ሰው የመጣ መስሎት ስልክዎን ያንጫጫል። ካሜራው ጋ ነፍሳት ይሰበሰባሉ፣ ነፍሳቱ ሸረሪት ይጠራሉ፤ ሸረሪቷ ሌንሱ ላይ ያደራችው አንድ ክር ንፋስ ሲነካው ሙሉውን ምስል ያንቀሳቅሳል። ቡና በሚሰጣበት ወራት ደግሞ ስጡ የሚሸፈንበት ላስቲክ ሲራገብና ዶሮዎቹ ሲመላለሱ ያው ነው። ሰውን ከእንስሳ መለየት አንዳንዱ ኩባንያ ያስከፍልበታል፤ እንደ ታፖ ያለው ግን ሰው መለየቱን ካሜራው ውስጥ በነጻ ይሠራዋል።

ሳይከፍሉ የሚያደርጉት፦ አፑ ላይ የእንቅስቃሴ ክልሉን በሩና በመግቢያው ብቻ ይገድቡ፤ ንቃቱን ከመካከለኛው በታች ያውርዱ፤ ካሜራውን ከኮርኒሱ ጠርዝ ወደ ውስጥ ያስገቡ፤ በየሁለት ሳምንቱ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት። መስኮት ውስጥ አድርገው በመስታወት አሻግረው ደጁን እንዲያይ አያድርጉ፤ ሌሊት የራሱ መብራት መስታወቱ ላይ ተመልሶ ነጭ ጭጋግ ብቻ ያሳያል።

«ክላውድ ላይ ያለውን ከእኔ ሌላ ማንም አያየውም»

እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሪንግን የከሰሰው ሠራተኞቹ የደንበኞችን ቪዲዮ ማየት ይችሉ ነበር በሚል ነው፤ ጉዳዩም በ5.8 ሚሊዮን ዶላር ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በ2024 የካቲት ወር ዋይዝ በተባለው ካሜራ 13,000 ገደማ ሰዎች የሌላ ሰው ቤት ምስል ስልካቸው ላይ ደረሳቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ሁሉንም ቤት ውስጥ አስቀምጣለሁ ይል የነበረው ዩፊ ትንንሽ ምስሎችን ወደ ክላውድ ሲልክ ተገኘ። ስለዚህ ክፈሉም አትክፈሉም፣ ካሜራ መኝታ ቤትና ሴቶች በሚለብሱበት ክፍል አይገባም። ጎረቤት ግቢና የተከራይ በር ላይም አያዙሩት፤ የግል ሕይወት የመከበር መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ ያለ ነው።

መለያው የተከፈተው በማን ኢሜይል እንደሆነም ይወቁ። ገጣሚው በራሱ ስልክ ከፍቶልዎ ከሄደ ግቢዎን የሚያየው እሱ ነው። ካሜራውን ከእሱ መለያ ያስወጡ፣ በራስዎ ኢሜይል እንደገና ያስገቡት፣ በሁለት ደረጃ የሚያረጋግጠውን ያብሩ። ለልጅዎና ለባለቤትዎ ፓስዎርድ አይስጡ፤ አፑ ላይ «አጋራ» በሚለው ይጨምሯቸው።

«አፑን ካጠፋሁት ክፍያው ይቆማል»

አይቆምም። በአንድሮይድ ስልክ ፕሌይ ስቶር ገብተው ምስልዎን ይጫኑ፣ ክፍያዎችና ደንበኝነቶች የሚለውን ይክፈቱ፣ ካሜራውን መርጠው ይሰርዙ። በኩባንያው ድረ ገጽ ከከፈሉ ግን የሚሰረዘው እዚያው ነው። የሚከፈለው ውጭ ባለ ዘመድ የባንክ ካርድ ከሆነ፣ ነጻው ሙከራ የሚያልቅበትን ቀን ለዘመድዎ ጽፈው ይላኩ፤ በብር የሚሠራ ካርድ ብዙ ጊዜ በውጭ ኩባንያ ስለማይያዝ እድሳቱ የሚወድቀው በሱ ኪስ ላይ ነው።

ከመሰረዝ በፊት የሚፈለገውን ቅጂ ያውርዱ፤ ደንበኝነቱ ካለቀ በኋላ ክላውድ ላይ ያለውን ላያገኙት ይችላሉ። የስልክ ስክሪን መቅረጽ ሳይሆን በአፑ «አውርድ» የሚለውን ይጠቀሙ፤ ጥራቱም ሰዓቱም እንዳለ የሚመጣው እንደዚያ ነው። አንዱን ፍላሽ ላይ፣ አንዱን ሌላ ሰው ዘንድ ያስቀምጡ።