ቫይረሱ «አይታይም» ማለት ምንድን ነው?

የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ውጤቱን ሲቀበል «ቫይረሱ አይታይም» ከተባለ ትልቅ የምሥራች ነው። አንዳንዱ ግን «ድኛለሁ» ብሎ መድኃኒቱን ይተዋል። ይህ ነው የሚያሳስበኝ።

ምርመራው ቫይራል ሎድ ይባላል። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ስንት የቫይረስ ቅጂ እንዳለ ይለካል። ቅጂው መሣሪያው ሊያገኘው ከሚችለው በታች ሲወርድ «አይታይም» ይባላል። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው ብዙውን ጊዜ በ6 ወር ውስጥ እዚህ ይደርሳል።

እንዴት? ኤች አይ ቪ ብቻውን መራባት አይችልም። ሲዲ 4 የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች ውስጥ ይገባል፤ ራሱን ወደ ዲኤንኤ (የሴል የዘር መመሪያ የተጻፈበት ቋንቋ) ይገለብጣል፤ ከዚያም ከሴሉ ዲኤንኤ ጋር ይጣበቃል። አሁን በብዛት የሚሰጠው በቀን አንዴ የሚዋጥ ክኒን ሦስት መድኃኒቶችን ይዟል። ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን ግልበጣውን ያግዳሉ፤ ዶሉቴግራቪር መጣበቁን። ቫይረሱ መልኩን ቶሎ ቶሎ ስለሚለውጥ አንድ መድኃኒት ብቻውን አይበቃውም።

ችግሩ ቀድሞ የተጣበቀው ነው። እምቦጭ ከጣና ላይ ሲነቀል ውሃው የጸዳ ይመስላል፤ ዘሩ ግን ጭቃው ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። አንዳንድ ሴሎችም ቫይረሱን እንዲሁ ደብቀው ይይዛሉ። ክኒኑ በሴሎቹ ውስጥ የተኛውን ቫይረስ አይነካም። መድኃኒቱ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል።

ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስም ያለበት ሰው ደግሞ የበለጠ ይጠንቀቅ። ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን ያንንም ቫይረስ ስለሚይዙት በድንገት ማቆም ጉበትን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል።

ለባለትዳሮች ደስ የሚለው ይኸውላችሁ፦ መድኃኒቱን በሥርዓቱ እየወሰደ ቫይረሱ ከ200 ቅጂ በታች የሆነ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለጓደኛው አያስተላልፍም። ይህን ባሕር ዳር ውስጥ ያለ ጥንድ ሁሉ ቢያውቀው እወዳለሁ።

ጠበልስ? በጣና ዳር ይህ ጥያቄ አይቀርም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑና አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ጠበል የሚሄድ ሰው ክኒኑን ይዞ ይሂድ። ጤናው የተረጋጋ ታካሚ የ6 ወር መድኃኒት በአንዴ የሚቀበልበት አሠራርም አለ። ደቅ ደሴት ለሚኖር ወይም ዓሣ ሊያጠምድ ለሚሰነብት ሰው ይህ ብዙ ምልልስ ይቀንሳል። በቀጠሮው ቀን ሐኪሙን ወይም ነርሷን «ለእኔ ይሆናል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው።