«አለማመንም እምነት ነው» እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች

ባሕር ዳር ውስጥ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሥነ አመክንዮ አስተምራለሁ። ስለ ማመንና ስለ አለማመን ክርክር የማይነሣበት ዓመት የለም፤ በተነሣ ቁጥርም እነዚያው ስሕተቶች ልብሳቸውን እንኳ ሳይቀይሩ ይመጣሉ። የማንንም ሃይማኖት ለማረም አልተነሣሁም። የማርመው ማመን ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ሳያስቡ የሚነገረውን ነው።

«የማያምን ሰው ሥነ ምግባር የለውም።» ከስርቆት የሚያግደው የሲኦል ፍርሃት ብቻ የሆነ ጎረቤት ያለው ሰው፣ ይህን ከመናገሩ በፊት በሩን ይቆልፍ።

«ጥርጣሬ የእምነት ሞት ነው።» በዳግም ትንሣኤ እሑድ የሚታወሰው ማን እንደሆነ ማስታወስ ይበቃል። ቶማስ ካላየሁና ካልዳሰስሁ አላምንም በማለቱ ከሐዋርያት መዝገብ አልተሰረዘም።

«ፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብ ፈጣሪን የካደ ነበር።» ይህ «ሐተታ» የተባለውን መጽሐፉን ያላነበበ ሰው ወሬ ነው። ጽሑፉ እንደሚተርከው ሰውየው አክሱም አካባቢ ተወልዶ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከሚያሳድዱት ሸሽቶ ዋሻ ውስጥ ተቀመጠ፤ በኋላም ከጣና በስተምሥራቅ ባለችው እንፍራዝ ኖረ። በዋሻው የጠየቀው የሚሰማኝ አምላክ አለ ወይ ብሎ ነው፤ የደረሰበትም መልስ አለ የሚል ነው። የነቀፈው ሰዎች በፈጣሪ ስም የሚደነግጉትን እንጂ ፈጣሪን አይደለም። ሐተታውን የጻፈው ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው የሚሉ ምሁራን አሉ፤ ክርክሩም ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ማንም ይጻፈው፣ የክሕደት መጽሐፍ ግን አይደለም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። «አለማመንም ራሱ እምነት ነው።» ባጃጅ ውስጥ ሰምቼዋለሁ፣ ለቅሶ ቤት ሰምቼዋለሁ፣ በፈተና ወረቀት ላይ ሦስት ጊዜ ተሰምሮበት አንብቤዋለሁ። የሚናገረው ሁሉ ክርክሩን በአንድ ምት የዘጋ ይመስለዋል።

አንድ ዲያቆን ተማሪ ነበረኝ፤ ጎበዝ ልጅ ነው። «መምህር፣ ፈጣሪ አለ ብሎ የማያምን ሰው፣ የለም ብሎ ያምናል ማለት ነው። ሦስተኛ መንገድ የለም» አለኝ። ክፍሉ አጨበጨበለት። ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቅሁና «በዚህች ደቂቃ ጣና ውስጥ ያሉት ጉማሬዎች ቁጥር ለሁለት እኩል ይከፈላል ብለህ ታምናለህ?» አልሁት።

«አላምንም።»

«እንግዲያው ጎዶሎ ነው ብለህ ታምናለሃ!»

«እሱንም አላምንም። ማን ቆጠራቸው?»

ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት በጀልባ የሄደ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ሁለት ጆሮና አንድ አፍንጫ ብቅ ይላሉ፣ እፍ ብለው ውኃ ይረጫሉ፣ ይጠልቃሉ፤ ትንሽ ቆይቶ ራቅ ብሎ ሌላ ጥንድ ጆሮ ይታያል። ያው ይሁን ሌላ፣ እንጃ። ቁጥሩ ራሱ ከሁለቱ አንዱ መሆኑ አይቀርም፤ ሦስተኛ መንገድ የሌለው እዚያ ነው። በዲያቆኑ አእምሮ ውስጥ ግን ሦስተኛ መንገድ ነበረ፤ ራሱ በሁለት መልስ አሳየን። የጥንት ግሪክ ተጠራጣሪዎችም በከዋክብት ቁጥር ተመሳሳይ ምሳሌ ይሰጡ ነበር፤ ለእኛ ጉማሬው ይቀርበናል።

ስለዚህ አለ ብሎ ማመን አንድ ነው፤ የለም ብሎ ማመን ሌላ ነው፤ ፍርድን ማቆየት ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። በዚህ የሚደሰቱ የማያምኑ ተማሪዎችም አሉኝና እነርሱንም አልምርም። «ፈጣሪ የለም» ብሎ ያወጀ ሰው አንድ ነገር አምኗል፤ ምክንያቱን ሲጠየቅ «እኔ እኮ ምንም አላልሁም» ማለት አይችልም። ሲያጠቁ የለም ባዮች፣ ሲጠየቁ ፍርድ አቆያቾች የሚሆኑት እነዚህ ከዲያቆኑ የባሱ ናቸው፤ እርሱ ቢያንስ በአንድ ቦታ ቆሞ ይከራከራል። ከመከራከራችሁ በፊት ሰውየውን «የለም ነው የምትለው ወይስ አላወቅሁም?» ብላችሁ ጠይቁት። ግማሹ ጠብ እዚያው ያበቃል።

ዲያቆኑ ከክፍል በኋላ ተከትሎኝ መጥቶ ያነሣው ነገር ግን ከክፍሉ ክርክር ሁሉ ይበልጣል። በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 2 አጋንንትም እግዚአብሔር አንድ እንደሆነ ያምናሉ፣ ይንቀጠቀጣሉም ተብሏል። እንግዲህ መኖሩን መቀበልና በእርሱ መታመን ሁለት ነገር ናቸው። ልክ ነው። የክፍሉ ጭቅጭቅ በሙሉ አጋንንት እንኳ በሚያልፉት ፈተና ላይ ነበር።

የቀረው «ሰው ከፈለገ ማመን ይችላል» የሚለው ነው፤ ይህን የሚወዱት ወላጆች ናቸው። ዐፄ ሱስንዮስ የኢየሱሳውያንን (የካቶሊክ ሚሲዮናውያኑን የጀዝዊቶችን) ስብከት ተቀብለው እ.ኤ.አ. በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ ገለጡ፤ ሕዝቡም እንዲከተላቸው አዘዙ። ከብዙ ደም መፋሰስ በኋላ በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ጎርጎራ ላይ የቀረው የኢየሱሳውያን ፍርስራሽ ነው። የንጉሥ አዋጅ ያልቻለውን ሰው ለራሱ ቢያውጅም አይሆንለትም። ካላመናችሁኝ፣ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብላችሁ «ጣና ደርቋል» ብላችሁ ለማመን ሞክሩ፤ ሚሊዮን ብርም ይጨመርላችሁ። ማለት ትችላላችሁ፤ ማመን አትችሉም። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ፓስካል እንኳ ማመን ይበጃል ብሎ በብርቱ እየተሟገተ፣ ላቃተው ሰው «እመን» አላለውም፤ ጸበል ተጠቀም፣ ቅዳሴ አስቀድስ አለው። ፈቃድ የሚያዝዘው እግርንና እጅን እንደሆነ ያውቅ ነበር።

እህቴ ልጇን «ዝም ብለህ እመን!» ትለዋለች። አብረሽው ሂጂ፣ ጥያቄውንም ስሚ አልኋት። ተቆጣችኝ፤ አስተማሪነቴን ክፍሌ ውስጥ እንዳደርገው ነገረችኝ። ልጁ ግን ጥያቄውን ለእኔ ማምጣት ጀምሯል፤ የሚሻለው ለእርሷ ቢያቀርብላት ነበር።